የተቋረጠ ማዕድ፦ አምቦ፣ ስቶክሆልም፣ አምሪትሳር

በ1997 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች በሦስት አገር ሆኑ። በጥር ወር፣ ፑንጃብ ውስጥ በምትገኘው በአምሪትሳር፣ የሲኮች ከፍተኛ የሃይማኖት መንበር የሆነው አካል ታክት በመሪው በጆጊንደር ሲንግ ቬዳንቲ አፍ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ወንድ ከወንድ፣ ሴትም ከሴት ጋር በየትኛውም ጉርድዋራ (የሲክ ቤተ አምልኮ) እንዳይጋቡ የሚል ነበር። ግንቦት 1 ቀን አዲሱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከ629ኛው አንቀጹ ጀምሮም በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በእስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ። ሐምሌ 13 ቀን ደግሞ ካናዳ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ አደረገች። አምቦ ላይ ያን ጊዜ ስለ ሦስቱም ያወራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግንቦት 7 ምርጫ ነበርና ከጊንጪ እስከ ባኮ የሚወራው ስለ ድምፅና ስለ ኮሮጆ ነበር።

ከእነዚህ ሦስት ክስተቶች የአምሪትሳሩ ከምዕራብ ሸዋ በጣም የራቀ ይመስላል። የጃንሆይ ዘመን ተማሪዎች ህንዳዊ አስተማሪ ያስታውሳሉ። ባኮ አካባቢ ካሩቱሪ የተባለ የባንጋሎር ኩባንያ ሰፊ መሬት በሊዝ ወስዶ ነበር። ከዚያ በላይ የሚያገናኘን ብዙ ነገር የለም። ግን የሲኮቹን ነገር ቀረብ ብዬ ሳየው በአምቦ ዙሪያ ያሉ ሃይማኖቶች ይህን ጉዳይ የያዙበትን መንገድ ያስረዳኛል፤ ስለዚህ ከእነሱ እጀምራለሁ።

የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1,430 ገጽ አለው። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በቀጥታ የሚናገር ቦታ ግን የለውም፤ አይፈቅድም፣ አይከለክልምም። ታዲያ አካል ታክት ክልከላውን ከየት አመጣው? ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቤት ነው። ሲኮች ከመነኩሴ ይልቅ ባለትዳሩን ያከብራሉ፤ ቤት መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሠርቶ ለሌላው የሚያካፍል ሰው አርአያቸው ነው። ሙሽሮቹ በመጽሐፉ ዙሪያ አራት ጊዜ የሚዞሩበት አናንድ ካራጅ የተባለው ሥርዓት ወንድና ሴትን አስቦ የቆመ ነው ይላሉ መሪዎቹ። ሌሎች ሲኮች፣ በተለይ በካናዳና በእንግሊዝ ያደጉት፣ የሃይማኖቱ መምህራን የሆኑት ጉሩዎቹ ሁሉን ሰው እኩል ካደረጉ ይህንን ለምን ለዩት ብለው ይሞግታሉ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ያንኑ መጽሐፍ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ጊዜው ነው። አካል ታክት ለዘመናት ዝም ብሎ ቆይቶ በ1997 የተናገረው ፑንጃብ መንደር ውስጥ አንድ ነገር ስለተፈጠረ አልነበረም። የካናዳ ምክር ቤት ሕጉን ሊወያይበት ስለነበርና በምክር ቤቱ ውስጥ ሲክ የሆኑ እንደራሴዎች ስለነበሩ ነው። ትእዛዙ ከአምሪትሳር ይውጣ እንጂ አድራሻው ኦታዋ ነበር። እዚያው ፑንጃብ፣ ባቲንዳ ከተማ፣ ሁለት ሴቶች በጉርድዋራ ተጋብተው ነገሩ አገር ቤት የገባው ከ18 ዓመት በኋላ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሥርዓቱን የፈጸሙት አገልጋዮችም ተቀጡ። በቀጣዩ ወር የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን መፍቀድ የምክር ቤት እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም አለ። ግንኙነቱን ወንጀል ያደረገውን የቅኝ ግዛት ዘመን አንቀጽ ግን ያው ፍርድ ቤት ከአምስት ዓመት በፊት ሽሮት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አገሬ ልመለስ። በጉርድዋራ ላንጋር የሚባል የጋራ ማዕድ አለ። የመጣ ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ መሬት ተቀምጦ እኩል ይበላል። የአካል ታክት ትእዛዝ ጋብቻውን እንጂ ማዕዱን አልነካም። ይህ ልዩነት የእኛው ቤት ታሪክ ላይ ስንደርስ ትርጉም ይኖረዋል።

ወደ እኛ አገር ነገሩ የመጣው በሚኒያፖሊስና በስቶክሆልም በኩል ነው። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሚኒያፖሊስ ላይ ጉባኤ ተቀምጣ፣ በተመሳሳይ ፆታ ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች በቄስነት እንዲያገለግሉ መንገድ ከፈተች። (ጉባኤው በሚወያይበት ቀን አውሎ ነፋስ ከተማዋን መትቶ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጎድቷል። ደጋፊና ተቃዋሚ በየፊናው እንደተረጎመው መቼም አንባቢ ይገምታል።) ከሁለት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2002፣ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም ወሰነ፤ ከ249 ድምፅ ሰጪ አባላት 176ቱ ደገፉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የስቶክሆልም ጳጳስ ሆነው የተመረጡት ኤቫ ብሩነ ከሴት ጋር በጥምረት የሚኖሩ ሴት ነበሩ።

ይህ ለምን አምቦን ይመለከታል? የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የእነዚህ የሁለቱ እኅት ስለሆነች ነው። በምዕራብ ሸዋና ከዚያ አልፎ በወለጋ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ከእምነት ተቋም በላይ ናት። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በ1858 ዓ.ም. ምጽዋ የወረደው ኦሮሞ ዘንድ ለመድረስ አስቦ ነበር። ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ በእነዚህ ሚሲዮናውያን እጅ ተምሮ፣ ከአስቴር ገኖ ጋር ሠርቶ፣ በ1891 ዓ.ም. ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ አሳተመ። ትምህርት ቤትና ክሊኒክም በዚያው መንገድ መጡ። የሚገርመው፣ ግንደበረትና አምቦ አካባቢ የሠሩት የአሜሪካ ባፕቲስቶችም የድርጅታቸው ሥር ሲቆጠር ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ስዊድናውያን ናቸው። በዚህ አካባቢ ወንጌላዊ የሆነ ሰው የእምነቱን ወንዝ ሽቅብ ቢከተል ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስዊድን ነው።

መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ቤተ ክርስቲያንነት ተመሠረተች። በጥር 2005፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ምእመናን ሲኖራት፣ 19ኛ ጠቅላላ ጉባኤዋን አዲስ አበባ ላይ አድርጋ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ እኅቷ ጋር የነበራትን ኅብረት ማቋረጧን አጸደቀች። ውሳኔው በዝርዝር የተጻፈ ነው፦ ከብሔራዊ ጽሕፈት ቤት እስከ አጥቢያ ድረስ ማንም ከእነዚያ ቤተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቄሶች ቅዱስ ቁርባን አይቀበልም፤ እነሱም በእኛ ዘንድ እንዲቆርቡ አይጋበዙም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዘነ። መካነ ኢየሱስ ግን ከፌዴሬሽኑ አልወጣችም።

የዚህን ውሳኔ ክብደት የሚያውቅ የአጥቢያ ሽማግሌ ነው። በገዶም ሆነ በጉደር በአንዲት ማኅበረ ምእመናን አንድ አባል ሁለተኛ ሚስት ቢያገባ፣ ወይም ሰክሮ ቢደባደብ፣ ሽማግሌዎች ይጠሩታል፣ ይመክሩታል፤ እንቢ ካለ ከቁርባን ይታገዳል። ወንበሩ አይነሳበትም፤ ይዘምራል፣ ስብከት ይሰማል። ዳቦውና ጽዋው ሲዞር ግን ያልፈዋል። ከተመለሰ በማኅበሩ ፊት ይቀበሉታል። መካነ ኢየሱስ በአንድ የገጠር አባል ላይ የምትወስደውን ያንኑ እርምጃ በመምህሮቿ ላይ ወሰደች። እናቲቱን ልጅ ገሠጸቻት፤ እኔ ይህንን የማየው ከንቀትም ከጭፍንነትም አይደለም። እጇ ላይ የነበረው መሣሪያ ይህ ነበር፣ አስተማሪዎቿ ራሳቸው የሰጧት።

አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ውሳኔውን አክራሪ አሜሪካውያን ያመጡት ነገር ያደርጉታል። ከዚያ ወገን ወዳጅ መኖሩ እውነት ነው። ግን መካነ ኢየሱስ ከለጋሾቿ ጋር መሟገት የጀመረችው ያኔ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ባሉበት ዘመን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ሙግቱ፣ እናንተ ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ግን ትሰስታላችሁ፤ ሰው አንድ ነው፣ ሥጋውን ከነፍሱ ለይታችሁ የምትረዱበትን መስፈርት ለብቻችሁ አታውጡ የሚል ነበር። ቄስ ጉዲና በ1971 በደርግ ተገደሉ፤ ደብዳቤው ግን በሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይነበባል። የ2005ቱን ውሳኔ ያወጡት ሰዎች በዚያ ደብዳቤ ያደጉ ናቸው። "የእኛን ጉዳይ ማን ይወስንልናል?" የሚለው ጥያቄ ከ"ሁለት ወንዶች ይጋቡ ወይ?" ይልቅ ቆይቶም ጠልቆም ያለ ነው።

ውሳኔው የስዊድንን ጳጳስ ይመለከታል፤ የአሜሪካን ቄስ ይመለከታል። ከራሷ አባላት መካከል ልቡ ወደ ተመሳሳይ ፆታው የሚያደላ አንድ ወጣት ቢገኝ፣ ያውም ምንም ያልፈጸመ፣ የጨነቀው፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይሉታል? ስለዚህ ወጣት የተጻፈው ስለ ስቶክሆልም ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። አካል ታክት ኦታዋን ተመልክቶ ተናገረ፤ መካነ ኢየሱስ ስቶክሆልምን። የሲኮቹ ታሪክ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። አምቦ ላይ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ የፕሮቴስታንት ጠብ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ኦርቶዶክሱ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው አዲስ ዓለም ላይ የምኒልክን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያገኛል፤ ከዚያ እስከ ባኮ ታቦት የሌለበት ከተማ የለም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቃሉ ራሱ፣ ግብረ ሰዶም፣ ከኦሪት ዘፍጥረት የተወሰደ ስለሆነ ሰው ስሙን ሲጠራ ፍርዱንም አብሮ ይጠራል። ግን ኦርቶዶክስ ይህን የሚይዝበት ቦታ ጉባኤ አይደለም፤ የንስሐ አባት ነው። የተነገረው በጆሮ ይገባል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ ጾምና ስግደት ይታዘዛል፣ ከአባትና ከልጅ አይወጣም። የሚናገር ቄስ ከክህነቱ ይወድቃል። ስለዚህ በአደባባይ የሚሰማው ቁጣ ብቻ ነው፤ በጓዳ ያለው ርኅራኄም ሆነ ጭካኔ አይታይም። ይህ ዝምታ ብዙ ሰው ጠብቋል ብዬ አምናለሁ። ስንቱን በዚያው እንዳፈነው ደግሞ የሚቆጥር የለም።

እስልምናም በቁርኣን የሉጥን ሕዝብ ታሪክ ይዞ ከዚያው ይደርሳል፤ በዚህ ጉዳይ ከክርስቲያኖቹ ጋር በአንድ መድረክ መቆም አልከበደውም። በታኅሣሥ 2001 የሃይማኖት መሪዎች፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስን ጨምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይከልክልልን ብለው ጠየቁ። ካቶሊኮቹም ነበሩበት። ከሮም በ2016 በተመሳሳይ ፆታ ላሉ ጥንዶች ቡራኬ ሊሰጥ ይችላል የሚል ሰነድ ሲወጣ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ ጳጳሳት በእኛ ዘንድ አይሆንም አሉ። ሃይማኖቶቻችን በሌላ በምን እንዲህ ይስማማሉ?

የኦሮሞ ነባር እምነት በሆነው በዋቄፈና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ዳሰሳ ስለሚዘለል። የመጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቢሲል በምዕራብ ሸዋ ነው፤ መኮ ቢሊ ሕግ ያወጣበት ተብሎ ይነገራል። በአምቦና በጉደር ዙሪያ የእምነቱ መሪዎች የሆኑት ቃሉዎች በገልማቸው (በአምልኮ ቤታቸው) ዛሬም ይዳኛሉ፤ ስለ ርስት፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ የቀረበላቸውን ይሰማሉ። (የመጫን የቃሉ ሥርዓት አጥንቶ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ ያሳተመው ክኑትሶን ስዊድናዊ ነበር። እንደገና ስዊድን!) ዋቄፈና የተጻፈ መጽሐፍ የለውም። ስለዚህ እንደ ሲኮቹ፣ እዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል የሚባል ነገር አይኖርም። ያለው ሰፉ ነው፤ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ነገር የሰጠው ቦታ፣ በታላቅና ታናሽ፣ በወንድና ሴት፣ በሰውና በከብት መካከል ያለ ወሰን። ምርቃቱም "ሆራ ቡላ" ነው፦ ተዋለዱ፣ ተባዙ፣ ኑሩ። ልጅ የሌለው ቤት የሚያሳዝነው፣ ሟች ወንድም ሚስቱን ለወንድሙ የሚያወርሰውም በዚሁ ሐሳብ ነው። መጽሐፍ የሌለው ሙግት ከቤት ይነሳል፤ ፑንጃብም ኦዳ ቢሲልም።

ግን ሰፉ ሁለት አፍ አለው። ወሰን ማለፍ ሰፉን ይሽራል፤ የሰውን ገመና በገበያ ማውጣትም ይሽራል። ያወጣው ሰውም አፈረ፣ የወጣበትም አፈረ። አንድ ሽማግሌን ስለዚህ ጉዳይ ብትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚያሳፍራቸው ድርጊቱ ይሁን ጥያቄያችሁ መለየት ይቸግራል። አፋን ኦሮሞ ለነገሩ የራሱ የቆየ ቃል ያለው አይመስልም፤ ሬዲዮ የሚለው "ወልቁነምቲ ሳላ ወልፈካታ" የተተረጎመ ረጅም ሐረግ ነው። አማርኛ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቃል ሌላ ወንዳገረድ፣ ወንዳወንድ ይላል፤ እነዚህ ግን ስለ ጠባይና ስለ መልክ እንጂ ስለ አልጋ አይደሉም። ደቡብ ውስጥ በማሌ ዘንድ አሽቲሜ የሚባሉ፣ ሚስት የማያገቡ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩና በባህላዊው ንጉሥ ቤት የሚያገለግሉ ወንዶች እንደነበሩ ዶናልድ ዶንሃም ጽፏል። ነገሩ በአገራችን ኖሮ አያውቅም የሚለው አባባል ከማሌ ጋር መስማማት አለበት።

ሕጉን በአጭሩ። ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ ድርጊቱ ወንጀል ነው። የ1997ቱ በቀላል እስራት ይቀጣል፤ የሥልጣን ብልጫን መጠቀም ካለበት እስከ 10 ዓመት፣ ማስገደድ ወይም ማታለል ካለበት እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ይደርሳል፤ በሕፃናት ላይ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 25 ዓመት ነው። የሕገ መንግሥቱ 34ኛ አንቀጽ ጋብቻን የወንዶችና የሴቶች መብት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ስለ ወንድና ሴት ነው የሚናገረው። ስለዚህ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በኢትዮጵያ የሚከለከል ነገር እንኳ አይደለም፤ የሚታሰብበት ቦታ የለም። ሕፃናትን መጠበቅና በጎልማሶች ፈቃድ የሆነን ነገር መቅጣት በተከታታይ አንቀጾች መቀመጣቸው በሕዝቡም አእምሮ ሁለቱ አንድ ሆነው እንዲቀሩ አድርጓል። ስለ ግብረ ሰዶም የሚደረግ ክርክር ሁሉ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የተደፈረ ሕፃን ታሪክ ላይ የሚያርፈው በከንቱ አይደለም።

የአደባባዩ ታሪክም በጉብኝትና በስብሰባ የተሞላ ነው። በ1999 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ካነጋገራቸው ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን መቀበል የለበትም አሉ። በኅዳር 2004 አዲስ አበባ የአፍሪካን የኤድስ ጉባኤ ስታስተናግድ፣ ስለ ወንድ ከወንድ ግንኙነት ሊደረግ የነበረ የጎን ስብሰባ የሃይማኖት መሪዎችን አስቆጣ። በ2006 ድርጊቱን ይቅርታ የማያሰጥ ወንጀል ለማድረግ የታሰበው ቀረ፤ ድርጊቱን ለመቃወም ታስቦ የነበረው ሰልፍም አልተካሄደም። በ2011 ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ላሊበላን ለመጎብኘት ማሰቡ ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ። ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለው የነሐሴ 2015ቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ገልጾ ነዋሪው እንዲጠቁም ጠየቀ። ያኔ ዓይኑ ከቱሪስት ወደ ጎረቤት ዞረ።

ጎረቤቱ ማን ነው? በከተማው የሚኖሩ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በመካከላቸው የሚጠሩበት አንድ የምስጢር ቃል አላቸው፦ "ዜጋ"። ሌላ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቢሰማ ስለ መታወቂያ የሚያወሩ ይመስለዋል። ስድብ የሆነውን ቃል፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ቃል፣ የክሊኒኩን ቃል ትተው ከሕገ መንግሥቱ መዝገበ ቃላት በጣም ተራውን መረጡ። ምርጫው ቀልድ ይሁን አቤቱታ እስካሁን አልወሰንኩም።

ይህ ቃል የአዲስ አበባ ቃል ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት። በትንሽ ከተማ የማን ልጅ እንደሆንክ የፌርማታው ረዳት ሳይቀር ያውቃል። አግባ እንጂ ይሉሃል፤ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ፣ ከርሞ ፋሲካ። አንዳንዱ ያገባል። አንዲት ሴት ልጅ ምን እንደሆነ የማታውቀው ቅዝቃዜ ያለበት ትዳር ውስጥ ትገባለች፤ በዚህ ክርክር ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ይመጣሉ፣ ስለ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ ስለ አማት ይጠይቃሉ፣ ጸልየው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል።

እሑድ በአንዲት የአምቦ ማኅበረ ምእመናን ቁርባን ሲዞር፣ ከስቶክሆልም የመጣ ቄስ በእንግድነት ተቀምጦ ቢገኝ ዳቦው ያልፈዋል፤ የ2005ቱ ጽሑፍ አለ። ከእሱ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ የተቀመጠው የሰፈሩ ልጅ፣ ማንም ምንም ያልጠየቀው፣ ቁራሹን ተቀብሎ አንገቱን ይደፋል።